ተሳታፊ አራት

«አቦ ቀሽት ነው! ይቺን ካነበብን ክላሱ በሙሉ ያለቅሳል» አለ ሱፍያን፣ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ እየጎተተ።

እሱና ሩታ ነገ ክላስ ፊት የሚያነቡት ጥናት እየፈለጉ ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የጥናት ዳታቤዝ የሚከፍተው ይሄ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱንም ያገኙት ተሰልፈው ነው። መጀመሪያ «ማኅበራዊ ፍትሕ» ብለው ሲጽፉ የማያልቅ ዝርዝር መጣባቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሼ ይሄይስ በዚያ ሲያልፉ አይተው፣ «እንዲህ ሜዳ ላይ አትበተኑ፤ ሰፈርና ሙያ ጨምሩበት» አሏቸው። «መርካቶ»፣ «ሴቶች»፣ «የእጅ ሥራ» ብለው ጨመሩ። ይሄ የዶክትሬት ጥናት የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ሱፍያን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «‹ተሳታፊ አራት ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከወንዶች ጋር ብረት የምትቀጠቅጥ ብቸኛ ሴት ናት። ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ትሠራለች። ምሳ እንደማትበላ፣ ልጇን ግን በልቻለሁ እያለች እንደምትዋሻት ነግራናለች...›»

እዚያ ላይ ድምፁ ወረደ።

አጥኚው ስሟን ደብቋል። መርካቶ ግን ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በተራው ነው። ተራዋንና ሥራዋን ጽፎ ስሟን መደበቅ፣ ፊቷን ሸፍኖ ራቁቷን እንደ ማቆም ነው። ከክላሱ ልጅ ግማሹ የነጋዴ ልጅ ነው፤ እትዬ ሠርኬን የማያውቅ ማን አለ?

«ሩቲ... እናትሽ አይደሉ እንዴ?» አለ ሱፍያን። «ሌላ እንፈልግ።»

ከኋላ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ግን ወንበሩን እየነቀነቁ ነበር። ቲቸር ኤልሳቤት ደግሞ ነገ ከዳታቤዝ ያልወጣ ነገር አልቀበልም ብለዋል። ሩታ ገጹን ወረቀት ላይ በእጇ ገለበጠችው፤ የምሳውንም ነገር ጭምር።

ከሰዓት ምን አለሽ ተራ ስትደርስ እናቷ ጎማ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮ ትደበድባለች።

«እማ፣ ያንቺ ነገር ኮምፒውተር ላይ አለ።»

«የኔ? ምን አድርጌ?»

«አንድ ሰውዬ ጠይቆሽ ነበር?»

መዶሻው ቆመ። «ያ መነጽራሙ! ምን ሆነ?»

«ዶክተር ሆኗል።»

«ይሁንለታ።» ሠርኬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «ሥራ አስፈትቶ ሲያስለፈልፈኝ ዋለ። ሲያልቅ አመጣልሻለሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለሰላምታ እንኳ አልበቃሁትም። በይ አንብቢው።»

ሩታ አነበበች። ምሳው ጋ ስትደርስ ዘለለችው።

«ሌላ አልጻፈም?»

«የለም።»

«ስለ ምሳስ?»

ሩታ አቀረቀረች።

«እሱንም ጻፈው!» አለች ሠርኬ፣ ቀስ ብላ። «ሩቅ ሰው ነው፣ አንቺ ጆሮ አይደርስም ብዬ እኮ ነው የነገርኩት።»

«ዛሬስ በልተሻል?»

እናቷ የቆርቆሮውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች። «ስሜንስ በደንብ ጽፎታል?»

«ስም የለም። ተሳታፊ አራት ነው የሚልሽ።»

«አራት? ከነአባቴ ነግሬው! የሰረቅኩት አለ እንዴ? ጉዴን ወስዶ ስሜን ጣለው።»

«ታዲያ ነገ ላንብበው ወይስ ይቅር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችና መዶሻውን አነሳች። ቆርቆሮው ከሚፈልገው በላይ መታችው።

ጠዋት፣ ክላስ ከመግባታቸው በፊት ሩታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የምሳውን ነገር እስከማይነበብ ድረስ ሰረዘችው። «ተሳታፊ አራት» የሚለውንም ሰርዛ ከላዩ ጻፈች፦ ሠርኬ ቦጋለ።

«እንዴ! ከዳታቤዙ ጋር አይገጥምም እኮ» አለ ሱፍያን። «ቲቸር ብታመሳክረው ዜሮ ነን።»

«ስምህን ከወረቀቱ አውጣ። ብቻዬን አቀርበዋለሁ።»

ሱፍያን ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ስሙን ሳያወጣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀድሟት ገባ።

ደወሉ ጮኸ። ሩታ ወረቀቱን ሳታጥፈው፣ የእናቷን ስም ወደ ውጭ አድርጋ ይዛ ተነሳች።