ከኋላ የሚቀመጥ ሰው

«ያቺን ጥግ እንዳትነኪያት፤ ገና አልደረቀችም» አላት አጎቷ ዴዝመንድ፣ የቫርኒሹን ብሩሽ በጋዜጣ እየጠቀለለ።

ብራዮኒ እጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ጋራዡ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ድሮ የሚሸተው ዘይት፣ እርጥብ እንጨትና አያቷ የሚመጠምጡት የሚንት ከረሜላ ነበር። ያ ሽታ መጥፋቱ ሊያናድዳት እንደሚገባ ታውቃለች። ግን ምንም አልተሰማትም። አያቷ ዊልፍሬድ ከተቀበሩ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ በቀብራቸው ቀንም አላለቀሰችም። አንድ ጎረቤት «ጠንካራ ልጅ» ሲላት እሷ ግን የሆነ ነገሯ የተበላሸ ነው የመሰላት። የጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ከንፈር፣ መላ ሰውነቷ የሌላ ሰው ይመስላታል።

ቫርኒሽ የተቀባችው የአያቷ መኪና፣ ሞሪስ ማይነር የምትባል አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ናት። በዕድሜ ከዴዝመንድ ትበልጣለች። ፊቷ ብረት፣ ጀርባዋ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም። የኋላውን ጣሪያ፣ መስኮትና በር አያይዞ የያዘው እሱ ነው። የከተማቸው የሄልስኦወን ዝናብ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለዘነበበት በመስኮቶቹ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅል ነበር። አያቷ «የአትክልት ቦታዬ» ይሉታል፤ መጋቢት በመጣ ቁጥር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጉታል።

በየነሐሴው በዚህችው መኪና ወደ ባርመዝ ባሕር ይወርዱ ነበር። ብራዮኒ ከኋላ፣ ከእንቁላል ሳንድዊቹና ከሻይ ፔርሙዙ ጋር። የዌልስ ዳገት ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ስለምታዘግም ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ይፈጠራል። አያቷ በመስታወት ያዩና «አየሽ፣ ዛሬም እየመራን ነው» ይላሉ። ሌላ ሞሪስ ከፊት ለፊት ከመጣ፣ ሁለቱ አሽከርካሪዎች ሳይተዋወቁ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የነዳጅ ፓምፑ አንዳንዴ ነክሶ ይቆማል። ያኔ አያቷ ኮፈኑን ከፍተው ይጠሯታል፤ እሷ ጫማዋን ታወልቅና በተረከዙ መታ መታ ታደርገዋለች። ፓምፑ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር «መካኒኳ መጣች» ይላሉ።

ባለፈው ጸደይ ግን አያቷ የኋላውን ምንጣፍ ገለጡት። ብራዮኒ የእጅ ባትሪ ይዛላቸው ነበር። በካቻቪቴ እንጨቱን ጫን ሲያደርጉት ብረቱ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ስምጥ አለ። ካቻቪቴውን ነቅለው ጫፉን በጣታቸው ጠረጉት። ከዚያም እንጨቱን ራሳቸው እስኪለውጡት ድረስ ከእንግዲህ ማንም ከኋላ እንደማይቀመጥ ነገሯት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊት ተቀመጠች። እንጨቱን ሳይለውጡት ታመሙ።

ዴዝመንድ ባለፈው ሳምንት የበሰበሰውን ፍቆ አወጣና ቦታውን በስቱኮ ሞላው፤ እንጨት አስመስሎ ቀለም ቀባው፣ ቫርኒሽ ደረበበት። በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰችው ብራዮኒ ናት። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር አልጠላችውም። አያቷ ያሉትን ስትነግረው፣ ዕድሜዋ እንዲህ የገፋ መኪና ዓመታዊ ምርመራ እንደማትጠየቅ፣ ስለዚህ ማንም ከሥሯ ገብቶ እንደማያያት አስረዳት።

«ቤቱ የኪራይ ነው፤ በሁለት ሳምንት እንለቃለን፤ እሷን የምናቆምበት ቦታ አይኖረንም» አላት። «እውነቱን ከተናገርን ማንም አይገዛትም። በሯን አንዱ፣ ሞተሯን ሌላው ይወስድና የተረፈው ለቁራሌው ነው። እሱን ነው የምትፈልጊው? እኔም እኮ መንዳት የተማርኩት በሷ ነው።»

የምትፈልገውን አታውቅም ነበር። ዝም አለች፤ ዝምታዋን እሺታ አደረገው።

ገዢዎቹ ከምሳ በኋላ መጡ፤ ጋሬዝ የሚባል ረጅም ሰውዬና ባለቤቱ ሱኒታ። የስምንት ወር ልጃቸው እናቱ ደረት ላይ በማዘያ ታስሮ ተኝቷል። ጋሬዝ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። የአሮጌ መኪና ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሻጩ ገዢ ሳይመጣ ሞተሩን ካሞቀው የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር።

«ተመስገን፣ ሐቀኛ ሰው አገኘሁ» አለ ዴዝመንድን እያየ።

ዴዝመንድ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ጋሬዝ ቁልፉን አዞረ። ፓምፑ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ሞተሩ አንዴ አስሎ ተነሣ። ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። ነርስ ነበረች፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ካደረች በኋላ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በዚህች ዓይነት መኪና ትምህርት ቤት ታደርሰው ነበር። እሱ ከኋላ ጋደም ብሎ የዝናቡን ድምፅ ይሰማል፤ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ራቅ ቢል ብሎ ይመኝ ነበር። የልጁን መቀመጫም እዚያው ቦታ ላይ ሊያስር አስቧል።

ብራዮኒ ሕፃኑን አየችው። አፉ ተከፍቷል፤ አንድ እግሩ ካልሲ የለውም።

ሱኒታ በጀርባ በኩል ዞራ እንጨቱን እያየች፣ ደህና እንደሆነ ጠየቀች።

«ፏ ያለች ናት» አለ ዴዝመንድ። «እንጨቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ጠንካራ ነው።»

«አንቺስ?» ሱኒታ ወደ ብራዮኒ ዞረች። «ከኋላ ነበር የምትቀመጪው?»

ቀላል ጥያቄ ነው። «አዎ» ብትል ውሸት አይሆንም። መኪናዋ ትተርፋለች፣ ባሕር ትወርዳለች፣ መንገድ ላይ እጅ ይነሣላታል። ዴዝመንድ ዓይኑን ከሷ ላይ አላነሣም። ብራዮኒ የሆነ ነገር እንዲሰማት ጠበቀች፤ ፍርሃትም ይሁን፣ የሚገፋ ነገር። ምንም አልመጣም። ሳይሰማትም መናገር እንደሚቻል ያኔ ገባት።

«እስከ ባለፈው ጸደይ ድረስ» አለች።

«ከዚያስ?»

«አያቴ ከለከሉ። እንጨቱ በስብሷል። አሁን የሚያዩት ስቱኮ ነው፤ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ልጁን ከኋላ እንዳታስቀምጡት።»

ጋሬዝ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ምንጣፉን ገለጠ፤ በአውራ ጣቱ እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረገ። ሲነሣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ ማንንም ሳያይ፣ ይህን ሁሉ ማደስ ከአቅማቸው በላይ እንደሆነ ተናገረ። ቁልፉን ኮፈኑ ላይ ትቶ ወጣ። ሱኒታ ስትወጣ የብራዮኒን ክንድ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ዴዝመንድ መኪናቸው ከመንገዱ ጫፍ ታጥፎ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተለው።

«አሁን ደስ አለሽ?» አላት።

«አላለኝም» አለች። እውነቷን ነው።

አጎቷ የዘይት ጣሳ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ቆይቶ፣ እንግዲህ ለቁራሌዎቹ እደውላለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ቢመጡ ይሻላል፣ አንቺም ትምህርት ቤት ስለምትሆኚ አታዪም አላት።

ብራዮኒ የተገለጠውን ምንጣፍ ወደ ቦታው መልሳ በሩን ዘጋች።

«ሐሙስ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለችው። «ሲወስዷት እዚህ እሆናለሁ።»