ክንፉ ሁለት ብቻ ነው

«ወጣ! ቲቸር፣ ወጣ!»

ሲምቦ የማርማላታ ብልቃጧን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሮቤ ጭቃ እየተንሸራተተች ወደ ትምህርት ቤቱ የጎመን መደብ በረረች። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ ማን ዞሮ ያያል!

የእርሻ አስተማሪዋ መምህር ደጀኔ የመርጫውን ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው ቆመዋል። ለምርት ዘመቻው የተተከለው ጎመን ላይ ሰሞኑን ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም በራሪ ነገር ፈልቷል። ምንነቱን የሚያውቅ የለም። የክፍል አለቃው ለሜሳ ግን «ተርብ ነው» ብሎ ፈርዷል፤ ለሜሳ ከፈረደ ደግሞ ይግባኝ የለም። ተማሪው ፈርቶ ማረም ካቆመ ሳምንት ሆነው። ዛሬ መርዝ ሊረጭ ነው።

«ተርብ አይደለም፣ ዝንብ ነው! ተርብ አራት ክንፍ አለው፤ ይሄ ሁለት ብቻ!» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «የጎመኑን ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ ስትበላ ያገኘኋትን ትል ብልቃጥ ውስጥ ከትቻት ነበር። ተኮማትራ ቅጠሉ ላይ ተጣብቃ ሰነበተች፤ ዛሬ ጠዋት ይሄ ወጣ! ጎመናችንን የሚጠብቁልን የእሱ ልጆች ናቸው። ከረጩት እኮ እነሱም ያልቃሉ!»

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?» አለ ለሜሳ እየሳቀ። «ያ ሲምቦ፣ አንቺ ልጅ! ዝንብ ከሆነ እስቲ ጨብጪው።»

«ጨብጪው! ጨብጪው!» ተማሪው ሁሉ ከበባት።

ወይ ጉድ! ይህን አላሰበችም። ክንፉን በመስታወቱ በኩል አስር ጊዜ ቆጥራለች፤ ነክታው ግን አታውቅም። አምና ተርብ ነድፏት ዓይኗ እንደ ድንች አብጦ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። ብትሳሳትስ? ፈራች፣ በጣም ፈራች።

«ሲምቦ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አሉ መምህር ደጀኔ።

ሲምቦ ክዳኑን ከፍታ እጇን ከተተችና ጨበጠችው። መዳፏ ውስጥ ዝዝዝ አለ። ኮረኮራትና ሳቅ ሳቅ አላት።

«ነደፈሽ?» አለ ለሜሳ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ጭብጧን ሳትፈታ ወደ መምህሯ ሄደች።

«ቲቸር፣ መዳፍዎን ይዘርጉልኝ።»

መምህር ደጀኔ ጭብጧን አዩ፤ ለሜሳን አዩ። ከዚያ ፓምፑን ከጀርባቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።