የቮልሷ አሮጌ ራዲዮ

«ንቀዪው! ንቀዪው እንጂ!» አለ ረዲ።

ሐረግወይን ሽቦውን ነቀለችው፤ ግን ዘግይታለች። በራዲዮው መስኮት ውስጥ የነበረው ቢጫ ብርሃን ለአፍታ ነጭ ሆኖ ቦግ አለና ድርግም ብሎ ጠፋ። ከድምፅ ማውጫው ወንፊት ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የመኪናዋ ውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ረዲ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ። ራዲዮው ጭጭ አለ።

«አለቀ» አለ። «ሐረግ፣ ጉድ ፈላ!»

ቮልሷ የሐረግወይን አባት የአቶ ዘነበ ናት። አቶ ዘነበ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ነቀምቴ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መኪናዋንም የገዟት አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ነው። ራዲዮው አብሯት ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ከነማዞሪያው፣ ከነመስኮቱ አንድም ነገር አልጎደለውም። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ቮልሷ ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት ይበልጣል። አቶ ዘነበ ግን በየማለዳው ይወለውሏታል፤ ሚስታቸው «እኔን እንዲህ ወልውለኸኝ አታውቅም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ረዲ የጎረቤቱ ባለሱቅ ልጅ ነው፤ ከሐረግወይን ጋር ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። ታላቅ ወንድሙ እሑድ ያገባል። ሙሽራዋን የምታመጣው ይህችው ቮልስ ስለሆነች፣ «ያለ ሙዚቃማ ሰርግ ሳይሆን ስብሰባ ነው የሚመስለው» ብሎ ሙሽራው ከአዲስ አበባ የካሴት ቴፕ አስመጣ። አቶ ዘነበም ፈቀዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቴፑን የትም ስቀሉት፤ ራዲዮዬን ግን እንዳትነኩብኝ።»

የመኪና ኤሌክትሪሽያኑ ደረሳ ጠዋት መጥቶ ሥራውን ሠርቶ ሄዷል። የአሮጌ ቮልስ ባትሪ ባለ ስድስት ቮልት ነው፤ ቴፑ ደግሞ አሥራ ሁለት ይፈልጋል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከነባሩ ባትሪ ጎን ሌላ ባለ ስድስት አስቀምጦ ሁለቱን ቀጠላቸውና ለቴፑ ብቻ የሚሆን ቀይ ሽቦ ሳበለት። ሲሄድም «ቀዩ የቴፑ ነው፤ ራዲዮው በድሮው ሽቦ ይኑር» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ሐረግወይን በሚገባ ሰምታዋለች።

ታዲያ ለምን ነካችው? ነገሩ የኦቦ ዋጋሪ ነው።

ኦቦ ዋጋሪ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አናጢ ናቸው። ልጃቸው ጃራ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ወሬው ጠፋ። ከአማፅያኑ በኩል የሚተላለፍ አንድ ጣቢያ ላይ ግን የተማረኩ ወታደሮች በገዛ አንደበታቸው ስማቸውንና አገራቸውን ይናገራሉ። ይህን ጣቢያ ማዳመጥ ያሳስራል። የቤት ራዲዮዎች አይስቡትም፤ የቮልሷ አሮጌ ራዲዮ ግን ይስበዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሲመሻሽ ኦቦ ዋጋሪና አቶ ዘነበ የቆመችው መኪና ውስጥ ይገቡና መስኮቱን ዘግተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ። የሐረግወይን ሥራ መጽሐፍ ይዛ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ነው። የቀበሌ ሰው ብቅ ሲል የሌለች ዶሮ «እሽ! እሽ!» ብላ ታባርራለች። ሰፈርተኛው «የዘነበ ልጅና ዶሮ አይስማሙም» ይላል።

ትናንት አንድ የወጣት ድምፅ መጣ። «… ከወለጋ ክፍለ ሀገር …» አለና ጫጫታ ዋጠው። ጆሯቸው ደከም ያለው ኦቦ ዋጋሪ ጉንጫቸውን ከወንፊቱ አጣብቀው «ጃራ ነው ያለው? ዘነበ፣ ጃራ አላለም?» እያሉ ሲለምኑ ሐረግወይን ከደጃፉ ሰማቻቸው። አባቷ «አልለየሁትም ኦቦ» አሉ።

ዛሬ ታዲያ ቴፑ በሁለት ባትሪ ግቢውን ሲያናጋው ስትሰማ ሐሳቡ መጣላት። ራዲዮውም ከዚያው ሽቦ ቢቀጠል ድምፁ ጎላ አይልም? ለኦቦ ዋጋሪ ጆሮ ብላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እሷ ግን የምትለቅመውም አልተረፋትም።

«ለአባቴ እነግረዋለሁ» አለች።

«ፋራ አትሁኚ» አለ ረዲ። «ይገድሉሻል። እኔንም መኪናዋን ይከለክሉኛል፤ ከነገ ወዲያ እኮ ነው ሰርጉ! ስንት ዓመቱ ነው ይሄ ራዲዮ? ከእኛ አይበልጥም? አርጅቶ ጠፋ እንላለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ሆድ ይፍጀው ትያለሽ።»

ረዲ ክፉ ልጅ አይደለም። ሽቦውን የቀጠለችው እሷ፣ የሚዋሸው እሱ፤ ጓደኝነት እንዲህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብሎ ያስባል። ሐረግወይን እሺ አላለችም፤ እንቢም አላለችም። ቀዩን ሽቦ ወደ ቴፑ፣ አሮጌውን ወደ ራዲዮው መለሰችና ጭሱ እንዲወጣ በሮቹን ከፈተች።

አቶ ዘነበ ከኡኬ ገበያ ሲመለሱ ቴፑን አዩት፤ ወደዱትም። «እንዴት ያለ ነው ጃል!» እያሉ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ሲመሻሽ ኦቦ ዋጋሪ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «ነጋ ጅርቱ?» ብለው ገቡ፤ ሰላም ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ሐረግወይን መጽሐፏን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ረዲ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

የመኪናዋ በር ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ተከፈተ። አቶ ዘነበ ማዞሪያውን አዞሩ፣ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው ሽቦውን ነካኩ።

«ምን ነካው ይሄ?» አሉ። «ነክታችሁታል?»

ሐረግወይን አፏን ከመክፈቷ በፊት ረዲ ቀደማት። «ኧረ አልነካነውም ጋሼ ዘነበ! ጠዋት ደረሳ ሲሞክረውም ጭል ጭል እያለ ነበር። ማንም ሳይነካው በራሱ ነው የጠፋው። አርጅቷላ። ዕቃም እንደ ሰው ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይሞታል።»

ረዲ ሲዋሽ ቅመም ማብዛት ይወዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ባይጨምራት ጥሩ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ዋጋሪ ከመኪናዋ ሳይወርዱ። «ሞተ ነው የሚለው?»

«ራዲዮውን ነው ኦቦ፣ ራዲዮውን» አሉ አቶ ዘነበ።

«ማንም ሳይነካው?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ኦቦ ዋጋሪ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የጠፋውን መስኮት ተመለከቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተለመደው ድምፅ ነበር፤ የበር ዋጋ የሚናገሩ እንጂ ሌላ ነገር የሚናገሩ አይመስሉም።

«ትናንት ስሙን ሊነግረኝ ጀመረ። ዛሬ አፉ ተዘጋ። የሰው እጅ ካልዘጋው የዘጋው ዋቃ፣ ፈጣሪ ነው። እኔ እውነቱን ስሸሽ ነው የከረምኩት ዘነበ፤ እሱ ግን ነገረኝ። ነገ ሳይነጋ ሽማግሌ ይዘህ ናልኝ። ለሃዳ ጃራ አርዱልኝ።»

ሃዳ ጃራ ማለት የጃራ እናት ማለት ነው፤ ሚስታቸውን በሌላ ስም የሚጠራ የለም። ሃዳ ጃራ ስለ ራዲዮው የሚያውቁት ነገር የለም፤ በከንቱ ተስፋ እንዳያደርጉ ብለው ኦቦ ዋጋሪ ደብቀዋቸዋል።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው!» አሉ አቶ ዘነበ። «ብረት ተበላሸ ብሎ ሰው ልጁን ይቀብራል?»

«ብረትና ሰው አላምታታም» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። «ደክሞኛል ወንድሜ። እሷም ቁርጧን አውቃ ታልቅስ፤ በየቀኑ መንገድ መንገድ ከማየት ይሻላል።»

ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ። በሐረግወይን በኩል ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ራሷን ዳበስ አደረጓት፤ «በርቺ ኢንተላ ኮ፣ አጥኚ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። ሐረግወይን አፈረች፤ ፈራችም። እውነቱን ሳትነግራቸው ኦቦ ዋጋሪ አጥሩን ታጥፈው ሄዱ።

አቶ ዘነበ ማሳመን ስላቃታቸው ሽማግሌ ሊፈልጉ ሲወጡ ረዲ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ ነጥቷል።

«እኔ እንደዚህ ይሆናል ብዬ ነው?» አለ።

«አሁኑኑ እንንገራቸው።»

«ሰርጉስ? ሐረግ፣ በእናትሽ! እስከ ሰኞ ቆዪልኝ። ሰኞ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«መርዶው ነገ ነው ረዲ።»

«ምናልባትስ እውነት ሞቶ ቢሆን?» አለ ረዲ፤ ይህን ሲል ዓይኗን አላያትም። «ብዙ ሰው ሞቷል እኮ።»

ሐረግወይን መጽሐፏን አጠፈች። ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከሰፈሩ ከሄዱት ልጆች የሁለቱ መርዶ ተነግሯል፤ ረዲ ያለው ሐሰት አይደለም። ግን ጃራን በእሷ ሽቦና በእሱ ውሸት መቅበር ሌላ ነገር ነው። ይህን ለረዲ ማስረዳት አቃታትና ትታው ወደ ቤት ገባች። አባቷን ልትጠብቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለች እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ ዶሮ ይጮኻል፤ የአባቷ ጋቢ ከተሰቀለበት የለም። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ እየሮጠች ወጣች።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ ከቆሙ፣ የቤቱ ሰው ቃል ሳይሰማ ይገባዋል። በኦቦ ዋጋሪ አጥር ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው አባቷ ናቸው። ኦቦ ዋጋሪ ራሳቸው ከአናጢ ጠረጴዛቸው አጠገብ ለብቻቸው ቆመው ነበር። ሐረግወይን ሽማግሌዎቹን አልፋ ወደ እሳቸው ሄደች፤ ስለ ጣቢያው የማያውቁት ሁለቱ ሽማግሌዎች እንዳይሰሙም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በገዛ ቋንቋቸው በኦሮምኛ ተናገረች።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ራዲዮው በራሱ አልጠፋም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ኦቦ ዋጋሪ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገመችላቸው።

«አንቺ?»

«እኔ። ድምፁ ጎላ እንዲልልዎት ብዬ ከቴፑ ሽቦ ጋር ቀጠልኩት። ደረሳ አትንኩ ብሎን ነበር። አልሰማሁትም።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

«ዱጋ?» አሉ፤ እውነት? ማለታቸው ነው። የሚያሾፉባት እንዳይሆኑ ፈራች። የሚያሾፉ አልነበሩም።

«እውነቴን ነው።»

አዛውንቱ በሁለት እጃቸው የጠረጴዛቸውን ጠርዝ ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቃትም። አባቷ ጠጋ ብለው ነገሩን ሰምተዋል። ቁጣቸው በመንጋጭላቸው ይታያል፤ ሆኖም «ቤት እንነጋገራለን» ብቻ አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን በጸጥታ ለማሰናበት ዞር አሉ።

ይህን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ።

ሃዳ ጃራ ውኃ ሊቀዱ ጀሪካን ይዘው ወጡ። ጋቢ የለበሱትን ሰዎች አዩ። አንዱን ካዩ በኋላ ሌላውን አዩ። ባላቸውንም አዩ። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ፤ እጃቸው ወደ ራሳቸው ወጣ። ኦቦ ዋጋሪ የጠረጴዛቸውን ጠርዝ እንደያዙ ቀሩ። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያያሉ። ሃዳ ጃራ ሊጮኹ ትንፋሽ ሳቡ።

«ጃራ ደኅና ነው» የሚለው ቃል የሐረግወይን ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቀላል ቃል ነው። ሴትዮዋን አሁኑኑ ያሳርፋቸዋል፤ የሚጠላትም አይኖርም። ግን አታውቅም። ትናንት ረዲም ያዳናት እንዲህ ባለ ቀላል ቃል ነበር።

ግቢውን አቋርጣ ፊታቸው ቆመች።

«ሃዳ ጃራ፣ መርዶ አይደለም። የጃራ ወሬ የለም፤ ክፉም የለም፣ ደግም የለም። ሰዎቹ የመጡት እኔ ባጠፋሁት ጥፋት ነው።»

ሃዳ ጃራ የሳቡትን ትንፋሽ ቀስ ብለው ለቀቁት። እጃቸውን ግን ከራሳቸው ላይ አላወረዱም።

«ምን አጠፋሽ?»

«ውስጥ ገብተን ልንገርዎት።»

ጀሪካኑን ከመሬት አነሣች። ወደ አባቷ አልዞረችም፤ ሃዳ ጃራ ከበሩ ፈቀቅ እስኪሉላት ድረስ እዚያው ቆማ ጠበቀች።