ከታንኩ ሥር የተቀዳ

«ዝናቡ ጀምሯል?»

«ጃንጥላዬን ረስቻለሁ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ጥቁሩን ጠርሙስ አቀበለችው።

ቀትር ላይ ነው። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ባዶ ነው። የምስጢር ስሟ መርፌ ይባላል፤ ፋብሪካው የሚያውቃት ግን በናሙና ቀጂነቷ ነው። ፋብሪካው ቀለም እሠራለሁ እያለ በድብቅ መርዝ ያመርታል። ማስረጃው ያለው መለያው ታንክ ውስጥ ነው። ጋዙ በላይ ይወጣል፣ ፈሳሹ በጎን ይፈሳል፣ መርዙ እንደ ጭቃ ከሥር ይዘቅጣል። አምስት ወር የለፋችው ለዚያ ጭቃ ነው።

ተቀባዩ ከከተማ የመጣ፣ ፋብሪካ ረግጦ የማያውቅ መልእክተኛ እንደሆነ ተነግሯታል።

ሰውየው ጠርሙሱን አራቀ። ፊቱን አዞረ። ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላልቶ ጋዙ እስኪተነፍስ ጠበቀና መልሶ አጠበቀው።



እንዲህ የሚከፍተው ታንኩ ላይ የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ሸጠዋታል።

«ይሄ ፈሳሹ ነው» ብላ ዋሸችው። «ዝቃጩ ታንኩ ጋ ቀርቷል።»

«እንሂዳ። አብረን።»

ታንኩን ሃያ ዓመት የጠበቀችው ሴት፣ ሁሉም እትዬ ቫልቭ የሚላት፣ መርፌን ምሳዋን ታካፍላታለች። ማንነቷን ጠይቃት አታውቅም።

«ደግሞ መጣሽ? ይሄን ታንክ ልታገቢው ነው እንዴ?» አለቻት ታንኩ ጋ ሲደርሱ።

ከኋላ ያለውን ሰው ስታይ ሳቋ ጠፋ። ድሮ አብሯት ይሠራ ነበር፤ አሁን ለጥበቃው ክፍል ሰው ይጠቁማል።

መርፌ ከዝቃጩ ትንሽ እንድትቀዳላት ለመነቻት። እትዬ ቫልቭ የሥሩን ቧንቧ ከፈተች። ጭቃውን በብልቃጥ ቀድታ በመርፌ መዳፍ ውስጥ አኖረችው፤ ጣቶቿንም በላዩ አጠፈችላት።

«ልጄ፣ ሳይረኑ ሲጮህ ዞር ብለሽ እንዳታዪ።»

የጋዙን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው።

ነጭ ጉም። ጩኸት።

ሰውየው ወደ መርፌ ተወረወረ። እትዬ ቫልቭ በሁለት እጇ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው።

ሠራተኛው በሙሉ ወደ በሩ ግልብጥ ብሎ ሮጠ። በዚያ ግርግር ማንም ማንንም አልፈተሸም። መርፌም አብራ ሮጠች። ዞር አላለችም።

ሌላ መልእክተኛ አልጠበቀችም፤ ብልቃጡን ራሷ ወስዳ ለአለቃዋ በእጁ ሰጠችው። የመልእክቱን መስመር ለፋብሪካው የሸጠው ሰው ተያዘ። በሳምንቱ ፋብሪካው ታሸገ።

ስለ እትዬ ቫልቭ ጠየቀች። አለቃዋ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

«ሥራው ተሳክቷል» አለ።

ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፣ አንድ ክፍል ቤት። አከራይዋ ሴትዮ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ብቻሽን ነሽ? የሚጠይቅሽ ዘመድ የለም እንዴ ልጄ?»

እትዬ ቫልቭን አስባ፣ አክስት ነበረችኝ ልትል አፏን ከፈተች። ለአዲሱ ስሟ የተጻፈላት ታሪክ ውስጥ አክስት የለችም።

«የለኝም፣ እማማ» አለችና ቁልፉን ተቀበለች።