መልሷን የዋጠው ብሎግ

«ትናንት የጻፍከው ላይ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ብለኸዋል» አለችው።

ሰዓት ሠሪው እጅ ላይ የነበረችው ብሎን አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ፊቱ የቆመችውን ሴት ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። የግድግዳ ሰዓት በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«የ... የቱን ጽሑፍ?»

«ስለ ጎረቤትህ ጫማ ሰፊ የጻፍከውን። የበርህ ታፔላ ዘመም ማለቱንም እዚያው ጽፈህ የለ? ሳየው አወቅኩህ። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ስህተት ካየሁ ዝም ማለት አልችልም።» ከዚያ ሳታስበው «አንተ» ማለቷ ትዝ አላትና ፊቷ ቀላ። «ውይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ዓመት ሙሉ ሳነብዎት ከርሜ የማውቅዎት መስሎኝ...»

«አንተ በይኝ» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሰውየው እንዲህ ነው፤ ሰው ፊት ምላሱ ይተሳሰራል። ማኅበራዊ ሚዲያውን ሞክሮት ነበር። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ሲያጨበጭብ ራሱን አዞረውና ወጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ኮድ ተማረ፣ የተጣለ ኮምፒውተር ገጣጠመ፣ አልጋው ሥር አስቀመጠውና የራሱን ብሎግ ሠራ። መብራት ሲጠፋ ብሎጉም አብሮ ይጠፋል። ታላቅ እህቱ «ሰው ጎጆ ይቀልሳል፣ የኔ ወንድም ብሎግ ይቀልሳል!» እያለች ትስቅበታለች። አንባቢዎቹ ከሃያ አይበልጡም። ለእሱ ግን በዓለም ላይ ሳይንተባተብ የሚናገርበት አንድ ቦታ ብሎጉ ነበር።

ችግሩ ማስታወቂያ ነው። የውፍረት መቀነሻ ክኒን የሚሸጡ፣ በሳምንት ሀብታም እናደርግሃለን የሚሉ፣ የአስተያየት መስጫው ላይ እንደ ዝንብ ሰፈሩበት። ሁሉም ወሬያቸው ረጅም ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ጻፈ፤ ከመቶ ቃል የበለጠ አስተያየት ለማንም ሳይታይ፣ ለራሱም ሳይነገረው፣ በቀጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይግባ። ዝንቦቹ ጠፉ። በሥራው ኮራ፣ ቀጥሎም ረሳው።

አራሚዋን ሕጉ አይነካትም ነበር። የእሷ አስተያየት ሁልጊዜ አንድ መስመር ናት። «መጨረሻው ቸኮለ።» «ዛሬ አስለቀስከኝ፣ ምን ሆነሃል?» የግድግዳው ሰዓት ከተሠራ በኋላ ደግሞ የእጅ ሰዓቷን ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንም አልሆነም እኮ» አላት ገልብጦ አይቶ።

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው።»

«አየሁት። ደህና ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ተመልሼ ስመጣ ደግመህ ታየዋለህ!»

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። እሱም ቤቷ ሄዶ ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለላቸው። እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከወንበር አይነሱም። እንዲያም ሆኖ ጨዋታ አዋቂ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሰዓቱ እንኳ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንተ ምን ዘጋህ?» አሉት። ሰዓት ሠሪው ከት ብሎ ሳቀ። ከልቡ ወደዳቸው።

በዚህ መሐል ወንድሟ ከሩቅ ከተማ ደወለ። እናታችንን ወደ እኔ እወስዳለሁ፣ አንቺም ትመጫለሽ፣ ቅዳሜ መኪና እልካለሁ አለ። አራሚዋ ይህንን ስትነግረው የሰዓት ሠሪው ፊት ድንገት ተለዋወጠ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እሷ ጠበቀችው። በመጨረሻ «እሺ... ደህና ሁን» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ብሎጉ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ለአንቺ ነው። ማን እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ። አትሂጂ፣ አግቢኝ። እሺ ካልሽ እዚሁ ጻፊልኝ። እምቢ ከሆነ ግን ምንም አትበይኝ፤ ዝም ካልሽ ይገባኛል። ደውዬ አላስጨንቅሽም፣ ደጅሽም አልቆምም።»

የዋህ! እምቢ ማለት እንዳይከብዳት ብሎ ዝምታን መልስ አደረገው።

ሰኞ ጠበቀ። ማክሰኞ አንዱ አንባቢ «እሰይ፣ ወንድ ነህ!» አለው። ረቡዕ ሌላው ሳቀበት። የእሷ አንድ መስመር ግን አልመጣችም። ሐሙስና ዓርብ ሥራ አልሠራም፤ ገጹን ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ። ቅዳሜ መኪናው መጥቶ ይዟቸው ሄደ። ቃል ገብቷልና አልደወለም።

ሦስት ዓመት አለፈ። መጻፉን አልተወም፤ ስለ ሰዓት ጥርስና ሞላ ብቻ ሆነ እንጂ። አንባቢዎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። አንድ እሑድ ጠዋት አልጋው ሥር ያለው ኮምፒውተር ሊበላሽ ሲያጣጥር፣ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሊያዛውር ተቀመጠ። ቆሻሻ መጣያውን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው። አራት ሺህ ማስታወቂያ! ሊያጠፋው ሲል ከክኒኑና ከሀብቱ መሐል አንድ ስም አየ። «አራሚዋ» ይላል።

«እሺ። ከሁሉ በፊት እሺ ማለቴ ይታወቅልኝ። ሰዓቱን በፎጣ ጠቅልዬ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እሺ ብያለሁ...» እያለ ይጀምራል። ረጅም ነው። «...አንድ ነገር ብቻ። እናቴን ትቼ አልመጣም። ከእኛ ጋር ትኑር። እንደማይቀል አውቃለሁ፤ ታጎርሳታለህ፣ ታነሳታለህ፣ ታለብሳታለህ። ቅዳሜ መኪናው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከነእናቴ ከተቀበልከኝ ከዚያ በፊት ና። ካልመጣህ እሷ ከብዳሃለች ማለት ነው። አልቀየምህም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አትፈልገኝ።»

ሰዓት ሠሪው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በአንድ መስመር ስትናገር የኖረች ሴት፣ ልቧን በከፈተች ቀን ቃሏ ረዘመ፤ እሱ በገዛ እጁ የሠራው ሕግም ቆጥሮ ጣላት። ማሽን እንዳይገባበት ያጠረው አጥር፣ ሰው አስቀረበት።

እህቱ ስትመጣ እዚያው ወለሉ ላይ አገኘችው። አነበበችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሄጄ እነግራታለሁ።»

«አግብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ እኮ! የተዳፈነ እሳት አትቆስቁስ ወንድሜ። ትዳሯን ልትበጠብጥ ነው?»

«ልወስዳት አይደለም። እናቷን ንቄ የቀረሁ መስሏት ትኑር? ሌላው ይቅር... ይሄንን ግን አልችለውም።»

 እህቱ ተነስታ ሸሚዙን ተኮሰችለት።

የት እንደምትሠራ የቀድሞ አለቃዋ ነገረው፤ በአውቶቡስ ወንድሟ ከተማ ድረስ ሄደ። የማተሚያ ቤቱ ማሽን ያጓራል፣ ቀለሙ ይሸታል። ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ፣ መነጽር አድርጋ፣ ወረቀት ላይ አቀርቅራለች። ቀና ስትል አየችው። ብዕሯን በቀስታ አስቀመጠች።

«ምን አመጣህ?»

ምላሱ ያው ነው። ያተመውን ደብዳቤ ሰጣት። የራሷን ቃል አነበበች።

«ይሄማ የኔ ነው። ምን ላድርገው?»

«ያገኘሁት እሑድ ነው። ረጅም አስተያየት የሚጥል ሕግ... ለማስታወቂያ ብዬ የሠራሁት... ዋጠው። አላየሁትም ነበር። በእናቴ ሞት አላየሁትም!»



«እኔ እኮ እናቴ ከብዳህ መስሎኝ...»

«እወዳቸው ነበር።»

«ምን ልበልህ አሁን?» አለች እንባዋ እየወረደ። «ባል አለኝ። ደግ ሰው ነው። እናቴን እስከ መጨረሻዋ በእጁ አጉርሷታል።»

«እስከ መጨረሻዋ?»

«ዓመት ከመንፈቅ ሆናት።»

ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ያን ቅዳሜ ጫማዬን አድርጊልኝ ብላ በሩ ሥር ተቀመጠች። ሾፌሩን አንድ ሰዓት ሙሉ አስቆመችው። ‹የሚቀር ልጅ አይደለም፣ አንድ ነገር ቢገጥመው ነው› አለች። እስክትሞት ድረስ ይሄንኑ ነበር የምትለው። ያላመንኩህ እኔ ነኝ! መደወል አቅቶኝ ነው? ኮራሁ እንጂ።»

«እኔም መደወል አላቃተኝም። ፈራሁ።»

 ከዚያ «የት ነው የተቀበሩት?» አላት። ቁራጭ ወረቀት ላይ መንገዱን ጻፈችለት። ስትሰጠው እጁን ለአፍታ ያዘችው፣ ከዚያ ለቀቀችው።

«አሁን ሂድ» አለች። «እባክህ ሂድ። ተመልሰህም አትምጣ፤ ደግሜ አልችለውም።»

«አልመጣም። ደህና ሁኚልኝ።»

መቃብሩን ለማግኘት አልተቸገረም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በአካባቢው ማንም የለም። ሰው ፊት የሚንተባተበው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ሰዓት ሠሪው። ዘገየሁብዎ። ደብዳቤው አልደረሰኝም ነበር እንጂ እየሮጥኩ ነበር የምመጣው። እሺ ነበር የምለው። አብረውን ይኖሩ ነበር። መስኮቱ ሥር ያለውን ክፍል ነበር የምሰጥዎ፣ ፀሐይ የሚገባውን።»

አንድም ቃል አልተንተባተበም። ለአራሚዋ በአፉ ሊነግራት የነበረውን ሁሉ ለእናቷ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።