በአጥር ላይ የተሻገረው ቁርስ

ቁርስ ቀላል ነገር ነው የምትሉ ወገኖቼ፣ እኔም እንደ እናንተ እል ነበር። እዚህ ሳን አንቶኒዮ፣ በእኛ ሰፈር፣ ቁርስ ማለት ታኮ ነው፤ በአሳማ ሞራ የታሸ ቶርቲያ የምንለው ስስ የስንዴ ቂጣ፣ ውስጡ ድንችና ቤከን የሚባል የሰባ የአሳማ ሥጋ ጥብስ። በዚህ አድገናል፣ በዚሁም ታመናል።

የባለቤቴ የሬይሙንዶ ስኳር ከፍ ብሎ የግራ እግሩ ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል፣ ሐኪሟ በግልጽ ነገረችን፤ ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ ይቆረጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞራ ከቤቴ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾኹን ፍቄ እከትፋለሁ፣ ከሽንኩርት ጋር አቁላልቼ እንቁላል እሰብርበታለሁ፣ ያለ ሞራ የተቀቀለ ቦሎቄ ጨምሬ በትናንሽ የበቆሎ ቶርቲያ እጠቀልለዋለሁ። ሦስቱን በፎይል ሸፍኜ ወደ ሥራው ሲወጣ አስይዘዋለሁ። ሬይሙንዶ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ቁርሱን ሥራ ቦታ ደርሶ ነው የሚበላው። ማታ እንዴት ነበር ስለው እጅሽ ይባረክ ይለኛል።

ስድስት ወር ሙሉ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ቦሎቄውን ቀነስኩ፣ ታኮውን ከሦስት ወደ ሁለት አወረድኩ፣ ሐኪሟ ፊት እንደ ሰነፍ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ኮፍያውን ያሽከረክር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ዶን ሲፕሪያኖ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ፣ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ስኳሬ እኮ ወረደ፤ ሐኪሙ መድኃኒት ቀነሰልኝ።"

"እሰይ። እኔ ግን ምን አደረግኩልዎ?"

"ሬይሙንዶ በየጠዋቱ የሚያቀብለኝ ታኮ ነዋ። ምነው ግን ሁለት አደረግሽው? ሦስቱ ይሻለኝ ነበር።"

ክው አልኩ። እሱስ የት ነው የሚበላው ስላቸው ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ኦፌሊያ ዘንድ አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ መጨረሻ ሰማሁ።

ኦፌሊያ አበልጄ ናት፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። መንገዳችን ጫፍ ላይ በመኪናዋ መስኮት ያንኑ የሞራና የቤከን ታኮ ትሸጣለች። ስለ ጣቱ ከእህቶቼ ቀድሜ ለእሷ ነው የነገርኩት፤ እቅፏ ውስጥ ነው ያለቀስኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔን የጣሉኝ ሁለት ናቸው።

ሄጄ ጠየቅኳት። አልካደችም።

"አበልጄ፣ ወንድ ልጅ ቁልቋል በልቶ ጣሪያ ላይ ይውጣ? አሳዘነኝ። ደግሞ አንድ ታኮ ማንን ገደለ?"

"የስድስት ወር ጠዋት አንድ ነው? ጣቱ ሲቆረጥ ሐዘንሽ ይተካለታል?"

"ለምኖኝ ነው። አትንገሪያት አለኝ።"

"የእሱን ምስጢር ስትጠብቂ እኔ ማንሽ ነበርኩ?"

ፊቷን ወደ ምጣዷ አዞረች። ሬይሙንዶም ማታ ያለኝ "ላስከፋሽ ስላልፈለግኩ ነው" ብቻ ነበር። አልጣመኝም ቢለኝ ኖሮ እኮ ቃሪያ እጨምርበት፣ ቲማቲም እጠብስበት ነበር። ያችን ቃል ነፈገኝ።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። ኦፌሊያ ሆስፒታል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ቀና ብዬም አላየኋት፤ ያናገራት ሬይሙንዶ ነው።

"አበልጄ፣ ከእንግዲህ መስኮትሽ ላይ ከመጣሁ አባርሪኝ።"

አለቀሰች። አላባበልኳትም፣ በዚያም አላፈርኩም።

ወገኖቼ፣ የታመመን ሰው አንዴ ምን ይለዋል እያሉ ማጉረስ ርኅራኄ አይደለም። እናንተም የታመማችሁ፣ ያልጣማችሁን አልጣመኝም በሉ፤ የደከመላችሁን ሰው በምስጋና አታታሉት።

ዛሬ ቁልቋሉን የሚፍቀው፣ ታኮውን የሚጠቀልለው ራሱ ሬይሙንዶ ነው። ቃሪያውን በዛ ያደርገዋል፤ ይጣፍጣል። ስኳሩም ወርዷል። እዚሁ ገበታችን ላይ ሲበላ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። አብሬው የምቆየው ከፍቅር ይመስለዋል። እኔ ግን እስኪውጥ ነው የምጠብቀው።