ያልሞቀ ሽቶ

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ እጆቿ ከብርድ ልብሱ በላይ ተደርድረዋል። እንግዳ ስትጠብቅ እንቅልፍ የጣላት እንጂ የሞተች አትመስልም።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አንገቷን አሸተተ። ገና የተቀዳ ሻይ ይሸታል። ሌላ ምንም የለም።

«የልብ መድኃኒቷ በዝቶባት ነው» አለ ሐኪሙ። «በሞተችበት ሰዓት ግን አልምልም፤ መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ በረዶ ሆኗል።»

አስከሬኗን ያገኘው ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ በረንዳው ላይ በፖሊሶች መሀል ቆሟል። ትናንት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። ሽቶ ሻጯ ታናሽ እህቷ ደግሞ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ እህቷ ደህና እንደነበረች፣ ሽቶዋን ስትቀባም አይታት መልሳ እንደወጣች ተናግራለች። እናታቸውም ጎረቤት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ የገባ ባልየው ብቻ ነው። ለፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀለት ነበር። መርማሪውን ግን ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ምን አጣላችሁ?» አለው ሾፌሩን።

«ስፌቱ ይቅርብሽ፣ ልብሽን ይጨርሰዋል አልኳት። ‹በሽተኛ መሆኔን ባታስታውሰኝስ› አለችኝ። ዛሬ ቶሎ የገባሁት ይቅርታ ልላት ነበር።»

እናትየው ማድቤት ተቀምጠው አንድ ማንኪያ ይወለውላሉ።

«እማማ፣ መድኃኒቷን የሚሰጣት ማነው?»

«ትንሿ ናት። እሷ ከረሳች እኔ። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትረሳለች።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ...» ማንኪያውን አተኩረው አዩት። «ምን ነበር ያልከኝ?»

መርማሪው አልደገመላቸውም። ከሟቿ ራስጌ የሽቶውን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ታናሽየዋ ሄደና እጁ ላይ ጠብ አደረገ።

«ጥሩ ሽቶ ነው?»

ልጅቷ ዓይኗ አብጧል፤ የሻጭ አፏ ግን አልከዳትም። «እኔ ነኝ ያመጣሁላት፤ ከባድ ሽቶ ያፍናታል። መጀመሪያ ሻይ ሻይ ይላል። ገላ ሲያሞቀው ሻዩ ይሄድና ጃስሚኑ ይወጣል። ደንበኛ ሲቸኩል፣ ታገሱት፣ እስኪለምዳችሁ ነው እላለሁ። ከዚያ ቶሎ ይጠፋል። እሷ ‹ጨዋ እንግዳ ነው፣ ሳይሰለች ይሄዳል› ትለው ነበር።»

ትንሽ ቆይቶ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበና እጁን ለሐኪሙ ዘረጋ። «አሽትተው።»

«አበባ ነው። ጃስሚን።»

«የእኔ ገላ አሞቀው። የእሷ አንገት ላይ ያለው ግን ከእኔ ቀድሞ የተቀባ ሆኖ እስካሁን ሻይ ነው፤ ጃስሚኑ አልወጣም። ሲቀባ ገላዋ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ባልየው ሳይገባ ሞታለች። ‹ስትቀባ አየኋት› ያለችው ደግሞ ራሷ ቀብታታለች።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «እህትሽን አልገደልሽም። የገደለ ሰው ፀጉር አያበጥርም። በምሳ ሰዓት መጥተሽ መድኃኒቷን ሰጠሻት፤ ወደ ሱቅሽ ተመለስሽ። ከዚያ የደገመላት ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ እቤት የዋለ፣ አንቺም አሳልፈሽ የማትሰጪው ሰው።»

«ይበቃል ጋሼ። እኔ ነኝ የደገምኩላት፤ እንደሱ ብለው ይጻፉ።»

«የእህትሽ ባልስ?»

«ሁሌ አምሽቶ ነበር የሚገባው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ብቻዋን ሆና፣ ተሳስታ የወሰደችው እንዲመስል ብዬ ነው እማዬን ጎረቤት የላክኋት። እሱን ሲይዙት ልናገር ነበር። እማዬን ሳያት አፌ ተያዘ።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። እናትየው ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«‹አሁን እኮ ወሰድኩ› ብላኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የምትሸሽ መስሎኝ... ስለሚመራት። ግድ የለም ልጄ፣ ለእኔ ስትይ አልኳት። ሣቀችና ጠጣችልኝ።»



«አንቺስ ያን ሁሉ ያደረግሽው ብቻሽን ሆነሽ ነው? ለምን አልጠራሽኝም?» አሉ ወደ ታናሽየዋ ዞረው። ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ራሷን እየዳበሱ ቆዩና «ነገ የረሳሁት እንደሆነ ንገሪኝ» አሏት። «ልጄ ሞታ ሳላለቅስላት እንዳልውል።»

«እሺ፣ እማዬ።»

ሾፌሩ ከእናትየው ጀርባ ቆሞ ነበር። ልጅቷ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ እሱም ራሱን ግራና ቀኝ በዝግታ ነቀነቀላት። አትንገሪያቸው ማለቱ ነው።